አጭር ምንሽር ለአጭር ተኳሽ ይስማማል?

ከእንጅባራ የደረሰ ጥያቄ፦ «ቁመቴ 1 ሜትር ከ52 ነው። ከአያቴ የወረስኩት፣ በስሜ ፈቃድ ያወጣሁለት አንድ አጭር ምንሽር አለኝ። ከአፈሙዙ ሥር የሚታጠፍ ሳንጃ አለው። በቤተሰብ ሲነገር የኖረው አድዋ ላይ ከጣሊያን የተማረከ ነው ተብሎ ነው። ያየው ሰው ሁሉ ‹ይኼማ ለሴትና ለልጅ የተሠራ ነው፣ አይራገጥም› ይለኛል። ወንድሜ ደግሞ ሰደፉን በመጋዝ ትንሽ እናሳጥርልሽና ይመችሻል ብሏል። አብረውት የመጡ 18 የድሮ ጥይቶች አሉ። ልተኩስበት? ላሳጥረው? ወይስ እንዳለ ልተወው?»

ሰደፉ አይቆረጥ። 18ቱ ጥይቶችም አይተኮሱ። መሣሪያው ራሱ ግን፣ በባለሙያ ተመርምሮ ደህና ከሆነና አዲስ ጥይት በሕጋዊ መንገድ ከተገኘለት፣ በቁመትዎ ልክ ላለ ሰው ከድሮዎቹ የጦር ጠመንጃዎች ሁሉ የተሻለ የሚስማማ ነው። የሚስማማው ግን ሰዎች በነገሩዎት ምክንያት አይደለም። ምክንያቱን አሳስቶ የያዘ ሰው ትከሻውን ይጎዳል፤ ባስ ሲልም ዐይኑን ያጣል።

የገለጹት መሣሪያ የጣሊያን የ1891 ዓይነት የፈረሰኛ አጭር ጠመንጃ ነው (ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ጣሊያኖች ሞስኬቶ ይሉታል፤ በእኛ አገር ከረጅሙ ወንድሙ ጋር ምንሽር ተብሎ ይጠራል። ስሙ የመጣው ማንሊኸር ከሚባለው ኦስትሪያዊ ነው። ጥይቶቹን ከነላሜራቸው፣ አንድ ላይ ካቀፋቸው ስስ ብረት ጋር ማለት ነው፣ ወደ ማደሪያው የመክተት ዘዴ የእሱ ነበር፤ የመዝጊያው ሥራ ግን ካርካኖ የተባለ የቱሪን መሣሪያ ሠሪ ነው። ሜትር ያምጡና ይለኩት። ሳንጃው ታጥፎ ከአፈሙዝ ጫፍ እስከ ሰደፍ 92 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ አፈሙዙ ብቻውን 45 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ባዶውን ወደ 3 ኪሎ መሆን አለበት። ስድስት ጥይት ይይዛል፤ የአንዷ እርሳስ ስፋት በስም 6.5 ሚሊ ሜትር ነው። የመዝጊያው እጀታ እንደ ረጅሙ ወደ ጎን ቀጥ ብሎ የወጣ ሳይሆን ወደ ታች የታጠፈ ነው። ረጅሙ የእግረኛ ምንሽር 128 ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ አፈሙዙ 78፣ ክብደቱ 3.8 ኪሎ ነው። በአፈሙዙ ሥር፣ ከእንጨቱ አጠገብ፣ የተመታውን ማኅተም በባትሪ ያንብቡ፤ ብዙዎቹ ብሬሻ ከተማ ወይም አጠገቧ ባለችው ጋርዶኔ የተሠሩ ናቸው። በፋሺስቱ ዘመን ከተሠሩት በብዙዎቹ ላይ ከዓመቱ ጎን ያንን ዘመን (በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1922 ጀምሮ) የሚቆጥር የሮማ ቁጥር ይገኛል። በእርስዎ ላይ የሮማ ቁጥር ካለ የአድዋው ታሪክ እዚያው ላይ አበቃ።

ቁጥሩ ባይኖርም የአድዋው ነገር አጠራጣሪ ነው። በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የተሰለፈው የጣሊያን ጦር አብዛኛው የያዘው ቬተርሊ የሚባለውን የቀድሞ ጠመንጃ ነበር፤ 10.35 ሚሊ ሜትር ወፍራም እርሳስ የሚተኩስ ነው። ይህ አጭር ምንሽር በብዛት ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ነው። በጎጃም በየቤቱ የቀሩት አብዛኞቹ ምንሽሮች በአርበኝነቱ ዘመን ከጠላት እጅ የተነጠቁ ወይም ጠላት ሲወጣ የቀሩ ናቸው። ይህ የአያትዎን ክብር አይቀንስም፤ በአምስቱ ዓመት ከጣሊያን ነጥቆ መታጠቅ ከአድዋ ምርኮ አያንስም። ልጆችዎ የሚወርሱት ታሪክ ግን እውነተኛው ይሁን። ዓመቱንና ማኅተሙን ጽፈው ከመሣሪያው ጋር ያስቀምጡ።

«ለሴትና ለልጅ የተሠራ» የሚለው ስህተት ነው። የተሠራው ለፈረሰኛ ነው። እንጅባራ ሆነው ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞችን ሲያዩ ላደጉ ሰው ይህ ለማስረዳት አይከብድም። አንድ እግሩን ርካብ ላይ አድርጎ ኮርቻ ላይ የሚወጣ ሰው ጀርባው ላይ ከሜትር በላይ የሆነ ብረት ካነገተ ጫፉ የፈረሱን ወገብ ይመታል፣ ቁጥቋጦ ይይዘዋል፣ ሲወርድም መሬት ይነካል። ስለዚህ አፈሙዙ አጠረ። ወደ ጎን የወጣው የመዝጊያ እጀታም ጀርባ ስለሚወጋና ልብስ ስለሚይዝ ወደ ታች ታጠፈ። ሳንጃው ወገብ ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይንኳኳ ከአፈሙዙ ሥር ተሰክቶ እንዲታጠፍ ተደረገ። የተኳሹ ቁመት በሒሳቡ ውስጥ አልነበረም።

ለልጆች የተሠራ ምንሽር በእርግጥ ነበረ፤ ከእርስዎ ጋር እንዳይምታታ ደጋግሜ አሳስባለሁ። ባሊላ በሚባለው የፋሺስት የልጆች ድርጅት ውስጥ ታዳጊዎች ሰልፍ የሚማሩበት፣ የፈረሰኛውን ምንሽር በሁሉ ነገር የሚመስል፣ ሳንጃውም የሚታጠፍ፣ ቁመቱ ግን 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ የሆነ መሣሪያ ነው። የተሠራው እርሳስ የሌለው የልምምድ ጥይት እንዲያጮኽ ነው። በብዙዎቹ አፈሙዝ ውስጥ እርሳሱን የሚያሽከረክረው ጠመዝማዛ ቦይ እንኳ የለም፤ ብረቱም የጦር ጥይት ግፊት አይችልም። ሜትሩ 92 ሳይሆን 75 ካለዎት ግድግዳ ላይ ይሰቀል እንጂ በምንም ዓይነት ጥይት አይሞከር።

ሌላም መመርመር ያለበት አለ። በየአካባቢው «አጭር ምንሽር» ከሚባሉት አንዳንዶቹ ረጅሙ በመጋዝ የተቆረጠ ነው። ለዓይን ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ለእርሳሱ ግን ትልቅ ነው። በሌሎች ጠመንጃዎች በአፈሙዙ ውስጥ ያለው ቦይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ዓይነት ጥምዝ ይሄዳል። የ1891ዱ ምንሽር ግን ጥምዙ ከጥይቱ ማደሪያ አጠገብ ላላ ብሎ ይጀምርና ወደ አፈሙዙ ጫፍ እየጠበቀ ይሄዳል። እርሳሱን በአየር ላይ ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ሽክርክሪት የሚገኘው ከመጨረሻው ክፍል ነው። ረጅሙን 30 ሴንቲ ሜትር የቆረጠ ሰው የጣለው ያንኑ የጠበቀውን ክፍል ነው። የቀረው ላላ ስለሆነ እርሳሱ እየተገለባበጠ ይወጣል፤ በ50 ሜትር ላይ ወረቀቱን በጎኑ መትቶ ረዘም ያለ ቀዳዳ ይተዋል። ፋብሪካ ያወጣው አጭሩ ግን ለ45 ሴንቲ ሜትሩ የሚሆን የራሱ ጥምዝ አለው። የተቆረጠውን ለመለየት የአፈሙዙን ጫፍ ይዩ። የፋብሪካው ጠርዝ ክብና ለስላሳ ነው፤ በመጋዝ የተቆረጠው ጠፍጣፋ፣ ጭረት ያለው፣ አንዳንዴም ዘመም ያለ ነው። የፊት ማነጣጠሪያውም ዙሪያ የብየዳ ምልክት ይታያል። እርስዎ ጋ የሚታጠፍ ሳንጃ መኖሩ ደግ ምልክት ነው፤ ያንን መቀመጫ በእጅ አስመስሎ መሥራት ቀላል ስላልሆነ።

ወደ ቁመትዎ እንምጣ። ጠመንጃ ለሰው የሚስማማው ወይም የማይስማማው በጠቅላላ ርዝመቱ አይደለም። ሁለት ነገር ይወስነዋል፦ ከሰደፉ ጀርባ እስከ ቃታው ያለው ርቀትና ሚዛኑ የሚያርፍበት ቦታ። ርቀቱ ከተበዛ የቀኝ ክንድ ይወጠራል፣ ሰውነት ወደ ኋላ ይዘምማል፣ ሰደፉም ከትከሻው ጉድጓድ ተንሸራቶ ክንዱ ላይ ያርፋል። የሚያበላሽ ሰማያዊ እብጠት የሚመጣው ከዚያ ነው። ርቀቱ ካነሰ ደግሞ ሰደፉን የጨበጠው አውራ ጣት አፍንጫ ይመታል። በረጅሙና በአጭሩ ምንሽር መካከል ያለው ልዩነት 36 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ 33ቱ ከአፈሙዙ የተቀነሰ ነው። የቀረው ሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ግን ከሰደፉ በኩል ነው። አጭሩ ምንሽር ለአነስተኛ ሰው የሚመቸው በዚህች በሦስት ሴንቲ ሜትርና ክብደቱ ወደ ፊት ባለመጎተቱ ነው። ስለዚህ ወንድምዎ ሊቆርጥልዎት ያሰበውን ፋብሪካው አስቀድሞ ቆርጦታል።

ራስዎ ይለኩት። መሣሪያው ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ካረጋገጡ በኋላ ክንድዎን በክርንዎ በኩል አጥፈው ሰደፉን ከክርንዎ እጥፋት ውስጥ ያስገቡ፤ አፈሙዙ ወደ ላይ ይሁን። የሌባ ጣትዎ የመጀመሪያው አንጓ ሳይንጠራራ ቃታውን ከነካ ይበቃዎታል። ቀጥሎ ትከሻ ላይ አድርገው ጉንጭዎን እንጨቱ ላይ ያሳርፉ። በአውራ ጣትዎና በአፍንጫዎ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት ያህል ክፍተት መኖር አለበት። ይህን ሲያደርጉ ጋቢ አይደርቡ። የእንጅባራ ብርድ እንደሚታወቅ ነው፤ ግን የታጠፈ ጋቢ ትከሻ ላይ ሲሆን ሁለት ሴንቲ ሜትር ይጨምራል፣ ሰደፉንም ያንሸራትተዋል። «ሰደፉ ረዘመብኝ» ከሚሉት ብዙዎቹ ጋቢያቸው ነው የረዘመባቸው። በስስ ሹራብ ይለኩ።

አሁን «አይራገጥም» ወደሚለው። ይህ ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው፤ የሚሰማው ሰው ሳይዘጋጅ ይተኩሳልና። አንድ ዓይነት ጥይት በቀላል ጠመንጃ ሲተኮስ ርግጫው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። የምንሽር እርሳስ 10.5 ግራም ይመዝናል። በሒሳብ ሲሠራ የረጅሙ ርግጫ ወደ 13 ጁል፣ የአጭሩ ወደ 15 ጁል ይመጣል። 15 ጁል ማለት ሦስት ኪሎ ዕቃ ከግማሽ ሜትር፣ ከአንድ ክንድ ከፍታ ማለት ነው፣ ትከሻ ላይ ሲወድቅ ያለው ምት ነው። ለጤነኛ ትከሻ የሚቻል ነው፤ «የለም» ግን አይባልም። ከዘመዶቹ ጋር ሲወዳደር የዋህ መሆኑ እውነት ነው። የፈረንሣዩ የ1890 የፈረሰኛ አጭር ጠመንጃ፣ ያው የለበንን (የፈረንሣይ የእግረኛ ጠመንጃ) 8 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚጎርሰው፣ ክብደቱ ከምንሽሩ ጋር እኩል ሆኖ ርግጫው ወደ 22 ጁል ይደርሳል። ባለ 11 ሚሊ ሜትሩ የፈረሰኛ ውጅግራ (ከለበን የቀደመ የፈረንሣይ ጠመንጃ) ከዚያም ያልፋል። ስለዚህ «ከድሮ የፈረሰኛ መሣሪያዎች ለቀላል ሰው የቱ ይሻላል?» ቢሉኝ መልሴ ያለማመንታት ምንሽሩ ነው። የሚሻለው ግን በጥይቱ ለዘብተኝነት እንጂ በማጠሩ አይደለም። ማጠሩ አንድ ሌላ ዋጋ አለው፦ ጩኸቱና እሳቱ ወደ ፊትዎ በ33 ሴንቲ ሜትር ይቀርባል። አዲስ ተኳሽ ቃታ ሲስብ ዐይኑን የሚጨፍነው ከርግጫው ይልቅ ጩኸቱን ፈርቶ ነው። የጆሮ መሸፈኛና የዐይን መነጽር ግዴታ ነው።

ሰደፉ ቢቆረጥ ምን ይሆናል? ከሰደፉ በስተኋላ ያለው ብረት በእንጨቱ ቅርጽ ልክ የተሠራ ነው። በዚያ ብረት ላይ ትንሽ ክዳን አለች፤ ከክዳኗ ውስጥ በእንጨቱ ውስጥ የተቆፈረ ቦታ አለ፤ የአፈሙዝ መጥረጊያው ዘንግ ተገጣጥሎ የሚቀመጥበት ነው። ዘንጉ ዛሬ በብዙዎቹ ላይ የለም፤ ጉድጓዱ ግን አለ። እንጨቱ ሲያጥር ጉድጓዱ ይከፈታል፣ ብረቱ አይገጥምም፣ ብሎኖቹ አዲስ ቀዳዳ ይፈልጋሉ፣ የደረቀው የዘጠና ዓመት እንጨትም በቃጫው ተከትሎ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ቀጭኑ የሰደፍ አንገት ላይ ሲደርስ መሣሪያው ሲተኮስ ለሁለት ይከፈላል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚያተርፉት ርግጫ ነው፤ ክብደት ቀንሰዋልና። አልፎ ተርፎም ፈቃድ ባወጡበት መሣሪያ ላይ ለውጥ ማድረግ በሕግ ያስጠይቃል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ በዚህ ጉዳይ መዘናጋት አይገባም። መለያ ቁጥሩንም «ለማጥራት» ብሎ በአሸዋ ወረቀት የሚፍቅ አለ፤ ፈጽሞ አይነካ።

ስለ 18ቱ ጥይቶች። 18 ማለት ሦስት ላሜራ ሙሉ ነው፤ ምናልባት ከአንድ ዝናር ኪስ የወጡ ናቸው። የቀለሁን መቀመጫ ቢያዩ የተሠሩበት ዓመት ተመትቶበታል። 80 እና 90 ዓመት በሣር ቤት ጭስና በክረምት እርጥበት መካከል የኖረ ባሩድ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። አንዱ ጨርሶ አይነሣም። ሌላው ቃታ ከተሳበ በኋላ ሰከንድ ቆይቶ ይነሣል፤ ይኼኛው ነው ሰው የሚገድለው፣ ተኳሹ «ከሸፈ» ብሎ መዝጊያውን ሲከፍት ፊቱ ላይ ይፈነዳልና። ሦስተኛው ግማሽ ኃይል ብቻ ሰጥቶ እርሳሱን አፈሙዙ መካከል ይተወዋል፤ ተከታዩ ጥይት ሲተኮስ አፈሙዙ ይቀደዳል። የቀለሁ አንገትም በዕድሜ ይደርቅና ፀጉር በምታህል መስመር ይሰነጠቃል፤ ባትሪ አብርተው ሲያዩ ይታይዎታል። በየገበያው ቀለህ ሰብስበው ድጋሚ የሚሞሉ ሰዎች የሚሸጡት ጥይት ደግሞ ከእነዚህም የባሰ ነው፤ ምን ያህል ባሩድ እንዳለበት የሞላው ሰውም አያውቅ። 18ቱን ለየብቻ በደረቅ ዕቃ አስቀምጠው ፈቃዱን ለሰጠዎት ፖሊስ አስታውቀው ያስረክቡ። እሳት ውስጥ አይጣሉ፣ አይቀበሩ፣ ለቅርስ ብለውም አንዷን በመዶሻ ለመክፈት አይሞክሩ። ላሜራዎቹን ግን ይዘው ያስቀሩ፤ ለምን እንደሆነ ከዚህ በታች ይመጣል።

«ምንሽር ብረቱ ደካማ ነው» የሚል ወሬም አለ። ብረቱ ጥሩ ነው፤ ስሙን ያጠፉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የእርሳሱ ስፋት ነው። ጥይቱ በስም 6.5 ይባል እንጂ ቦዩ የሚፈልገው እርሳስ ስፋቱ 6.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የሌሎች አገሮች 6.5 ጥይት እርሳስ ደግሞ 6.7 ነው። ያቺ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር እርሳሱን ያላላዋል፤ ጥይቱ ይበተናል፣ ሰውም መሣሪያውን ይወቅሳል። ሁለተኛው የላሜራው ነገር ነው፤ ስለ አተኳኮሱ ስናነሣ እመለስበታለሁ። በዚህ ላይ የአንዱ ምንሽር ጥይት ለሌላው ላይሆን እንደሚችል ይወቁ፦ በ1938 በአውሮፓ አቆጣጠር ጣሊያን 7.35 ሚሊ ሜትር የሆነ ምንሽርም አውጥታለች፤ በኋላ ማነጣጠሪያው ላይ «7.35» የሚል ቁጥር ይነበባል። ይህን ቁጥር ካዩ የ6.5 ጥይት አያስገቡ፤ ይገባል፣ ይተኮሳልም፣ እርሳሱ ግን ቦዩን ሳይነካ ወደፈለገበት ይሄዳል።

ምርመራውን ራስዎ የሚጀምሩት ክፍል አለ። መዝጊያውን ለማውጣት ቃታውን ስበው ይዘው መዝጊያውን ወደ ኋላ ይጎትቱ፤ ሌላ ብሎን መፍታት አያስፈልግም። አፈሙዙን ወደ ሰማይ ብርሃን አዙረው ከኋላ ይመልከቱ። አራት ቦዮች ጥርት ብለው ሊታዩ ይገባል። ጥቁር ነጠብጣብ መኖሩ ያሳዝናል እንጂ አያሰጋም። ቀለበት የመሰለ ጥላ ከታየ ግን አፈሙዙ ከውስጥ አብጧል ማለት ነው፤ ከውጭም በጣት ሲዳሰስ ሊሰማ ይችላል። ያ መሣሪያ ከእንግዲህ አይተኮስም። የሰደፉን አንገት በሁለት እጅ ቀስ አድርገው ጠምዘዝ ሲያደርጉ የሚንቋቋ ድምፅ ከሰሙ እንጨቱ ተሰንጥቋል። ከዚህ ያለፈውን ለባለሙያ ይተዉ፤ በተለይ በተዘጋው መዝጊያ ግንባርና በጥይቱ መቀመጫ መካከል ያለውን ክፍተት። ይህ የሚለካው በልክ በተሠራ መለኪያ ብቻ ነው። ክፍተቱ ከሰፋ ቀለሁ ሲተኮስ ወደ ኋላ ይሳባል፣ ከመቀመጫው ከፍ ብሎ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ያወጣል፣ በመጨረሻም እዚያው ላይ ተቆርጦ የጋለ ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ይለቃል። «ተኩሰን እናየዋለን» የሚል ሰው ጋ አይሂዱ።

ሁሉም ደህና ሆኖ ቢገኝ አተኳኮሱ እንዲህ ነው። ምንሽር ያለ ላሜራው አይሠራም። ስድስቱን ጥይት ያቀፈው ስስ ብረት ከነጥይቱ ከላይ ይገባል፤ ሲጫኑትና ሲይዝ «ቀጭ» ይላል። የመጨረሻው ጥይት ወደ ፊት ሲገፋ ባዶው ላሜራ ከታች ባለው ቀዳዳ ወድቆ መሬት ላይ ይቀራል። ሰው ሳያነሣው ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ጠመንጃው ባለ አንድ ጥይት ይሆናል። ላሜራ የጠፋበት ሰው አንዷን ጥይት በጣቱ ወደ ውስጥ ገፍቶ መዝጊያውን በኃይል ይዘጋል። የጥይቱ መንጠቂያ የተሠራው ግን ከታች የሚመጣን ጥይት ተንሸራቶ እንዲይዝ እንጂ በግጭት ከላይ እንዲዘል አይደለም፤ ጥርሱ ይሰበራል፣ ከዚያም የተተኮሰ ቀለህ አልወጣ ይላል። የተጣመመ ላሜራም ጥይቱን አዘንብሎ ስለሚያቀርብ መዝጊያው መንገድ ላይ ይቆማል። በዚያን ጊዜ እጀታውን በመዳፍ አይምቱ፤ በቃታው ዘብ ውስጥ በፊት በኩል ያለችውን ቁልፍ ቢጫኑ ላሜራው ከነጥይቱ ወደ ላይ ይወጣል።

ለመጀመሪያ ቀን ተቀምጠው ይተኩሱ። በአሸዋ የተሞላ ትንሽ ከረጢት ጠረጴዛ ላይ አድርገው የፊተኛውን እንጨት ያሳርፉበት፤ አፈሙዙን ወይም የታጠፈውን ሳንጃ አያሳርፉበት፣ ጥይቱን ያዛባልና። ሰደፉን ከትከሻዎ ጉድጓድ አጥብቀው ይያዙ። ርግጫ የፈራ ሰው ራቅ አድርጎ ይይዘዋል፤ ያኔ ገፊ የነበረው መቺ ይሆናል። የኋላ ማነጣጠሪያው ዝቅተኛው እርከን እንኳ ለመቶዎች ሜትር ርቀት የታሰበ ስለሆነ በ50 ሜትር ላይ ጥይቱ ካነጣጠሩበት ስንዝርና ከዚያ በላይ ከፍ ብሎ ያርፋል። መሣሪያው ተበላሽቶ አይደለም፤ ከኢላማው ግርጌ ዝቅ አድርገው ያነጣጥሩ። ጠባቂው ከመዝጊያው ኋላ ያለችው ክንፍ ናት። ወደ ፊት ተገፍታ ወደ ላይ ስትቆም ተቆልፏል፣ ወደ ቀኝ ስትተኛ ተከፍቷል። ሞላው (ስፕሪንጉ) ጠንካራ ስለሆነ ትንሽ እጅ ያለው ሰው አውራ ጣቱ ይንሸራተትበታል፤ ስለዚህ በእሷ አይተማመኑ፣ ካልተኮሱ መዝጊያው ክፍት ይሁን። ቃታ ስበው ካልጮኸ አፈሙዙን ከኢላማው ሳያነሡ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ፤ ከዚያ ፊትዎን ወደ ጎን መልሰው ይክፈቱ። በአንድ ቀን ከአሥር ጥይት አይለፉ። ከዚያ በኋላ ትከሻ ባይታመም እንኳ ልብ ይደነግጣል፣ መጥፎ ልማድም ይጀምራል።

ከተኮሱ በኋላ በዚያው ቀን ማጽዳት አለ። የድሮ የጦር ጥይት ካፕሱል (መርፌው የሚመታት ባሩዱን የምታቀጣጥል ክፍል) ከተቃጠለ በኋላ አፈሙዙ ውስጥ ጨው የመሰለ ዝቃጭ ይተዋል፤ አዲሱም ጥይት ምን ዓይነት እንደሆነ ካላወቁ እንደዚያው ይቁጠሩት። ጨው እርጥበት ይስባል፤ በአዊ ክረምት በሁለት ቀን ውስጥ ዝገት ያበቅላል። በናፍጣ ወይም በዘይት ማጠብ ልማድ ነው፤ ጨው ግን በናፍጣ አይሟሟም፣ በውኃ ነው የሚሟሟው። መዝጊያውን አውጥተው አንድ ሊትር የፈላ ውኃ በማንቆርቆሪያ ከኋላ በኩል ያፍስሱበት፤ ውኃው እንጨቱ ውስጥ እንዳይገባ ጨርቅ ያድርጉ። የጋለው ብረት ራሱ ይደርቃል። በደረቅ ጨርቅ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ይጥረጉ፣ ከዚያ ስስ የመሣሪያ ዘይት ይቀቡ፤ በማግስቱና በሠለስቱም ይድገሙት።

ቅቤና ሞራ አይቀቡ፤ ሲቆዩ ይመርራሉ፣ ብረቱንም ይበላሉ። የኑግ ዘይት ደግሞ ሲደርቅ እንደ ሙጫ ስለሚሆን መዝጊያውንና መርፌውን ያጣብቃል፤ በብርድ ጧት የማይነሣ ምንሽር ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። በቆዳ ማኅደር ውስጥ ከርሞ የሚቀመጥ መሣሪያም ከውጭ ያማረ ከውስጥ የዛገ ይሆናል፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። አየር በሚያገኝ ደረቅ ሣጥን ተቆልፎ፣ መዝጊያው ለብቻው ሌላ ቦታ ተቆልፎ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም በየአሥራ አምስት ቀኑ እየታየ ይቀመጥ።

በለቅሶና በሠርግ ወደ ሰማይ መተኮስ በአገራችን የቆየ ነው፤ የአያት ምንሽር ሲሆን ደግሞ «ይጩህ እንጂ!» የሚል አይጠፋም። ወደ ላይ የሄደው 10.5 ግራም እርሳስ ይመለሳል፤ ዘመም ብሎ ከተተኮሰ ከኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሰው ለመግደል የሚበቃ ፍጥነት ይዞ ነው የሚመለሰው። ለእንዲህ ላለ ነገር መሣሪያውን ለማንም አያውሱ፤ ፈቃዱ በእርስዎ ስም ነውና የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።

ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። መተኮስ መማር ከፈለጉ በዚህ አይጀምሩ። በተፈቀደ የመለማመጃ ቦታ፣ አሠልጣኝ ባለበት፣ ርግጫው ከ1 ጁል በታች በሆነ ባለ 22 ካሊበር ጠመንጃ ጥቂት መቶ ጥይት ይተኩሱ፤ ዐይንዎ ሳይጨፈን ቃታ መሳብ ሲለምድ ብቻ ወደ ምንሽሩ ይምጡ። እስከዚያ ምንሽሩን ይለኩ፣ ማኅተሙን ይጻፉ፣ ያጽዱት፣ ያስመርምሩት። መርማሪው «አይተኮስ» ካለ አይከራከሩ፤ አፈሙዙ ሳይበሳ፣ ሳይበየድ፣ ሳይቆረጥ እንዳለ ይቀመጥ። ወንድምዎ የግድ አንድ ነገር ላድርግልሽ ካለ ግማሽ ሴንቲ ሜትር የሚሆን ስስ ፈልት (የተጠቀጠቀ የሱፍ ጨርቅ) በሰደፉ ብረት ላይ በማሰሪያ ያድርግልዎት፤ ትከሻን ይጠብቃል፣ ሲፈልጉ ይወልቃል፣ መጋዙም ወደ ቦታው ይመለስ።